የአየርላንድ ምርጫ፦ ማን ከማን ጋር ይቀመጣል?

ሸገር በደብሊን
እሑድ ኖቬምበር 24፣ 2024

ሰላም ወገኖች። ዓርብ ምርጫ ነው። ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ካርዴን ፍሪጅ ላይ ለጥፌ በየቀኑ አየዋለሁ።

ሰፈሩ ሁሉ ፊት ብቻ ሆኗል። ከቤቴ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ ያለው የመብራት ምሰሶ በሙሉ ፖስተር ተሸክሟል። አንዱ ላይ አራት እጩ ከላይ እስከ ታች ተደራርቦ ታስሯል፤ የታችኛውን ዝናብ አጥቦት ቀለሙ ወርዷል። በር የሚያንኳኩም አሉ። ትናንት ማታ ሽሮ ጥጄ እያለ አንዲት እጩ ራሷ መጣች። ዝናብ እየመታት ቆማ "ምንድን ነው የሚያስጨንቅህ?" አለችኝ። ቤት አልኳት፣ ኪራይ። ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ታድርገው አታድርገው አላውቅም፤ ግን ሥልጣን የሚፈልግ ሰው ደጄ ድረስ መጥቶ ምን ያስጨንቅሃል ሲለኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው፣ ከሄደች በኋላም በሩን ይዤ ትንሽ ቆሜ ቀረሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ትልልቆቹ ሦስት ናቸው። የፊን ጌሉ ሳይመን ሃሪስ አሁን ቲሾክ ነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ማለት ነው። ሊዮ ቫራድካር ማርች ላይ ድንገት "በቃኝ" ሲል ኤፕሪል ላይ በ37 ዓመቱ ቦታውን ያዘ። የፊያና ፎሉ ሚሆል ማርቲን የኮርክ ሰው ነው፣ 64 ዓመቱ ነው፣ ፓርቲውን ከ2011 ጀምሮ ይመራል። የሺን ፌኗ ሜሪ ሉ ማክዶናልድ የተቃዋሚ መሪ ናት፤ የምትወዳደረውም እዚሁ እኔ በምመርጥበት በደብሊን ሴንትራል ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ምክር ቤቱ፣ እነሱ ዶይል የሚሉት፣ ከ160 ወደ 174 ወንበር አድጓል። መንግሥት ለመመሥረት 88 ያስፈልጋል። ማንም ብቻውን አይደርስም። ማርቲንም ሃሪስም ከሺን ፌን ጋር አንቀመጥም ብለዋል። እንግዲህ ሁለቱ እንደገና አብረው ከሆኑ ሦስተኛው ማን ሊሆን ነው? ሌበር? ሶሻል ዴሞክራቶች? ግሪኖች? ወይስ የግል ተመራጮች? የምታውቁ እባካችሁ ጻፉልኝ።

ኮርክ ነኝ
እሑድ ኖቬምበር 24

እኔ የምጽፈው ስለ ሒሳቡ አይደለም፣ ስለ ካንተርክ ነው።

ቪዲዮውን አይታችሁታል? ዓርብ ማታ ሃሪስ እዚህ ኮርክ ውስጥ ካንተርክ የምትባል ትንሽ ከተማ ሱፐርማርኬት ገብቶ ሰው ሲጨብጥ ነበር። አካል ጉዳተኞችን የምትንከባከብ አንዲት ሠራተኛ መንግሥት ረስቶናል አለችው። አይደለም ብሎ ተከራከራት፣ ከዚያ ጨበጣትና ጥሏት ሄደ። እሷ እያወራች ነው የሄደው።

እኔም የእንክብካቤ ሠራተኛ ነኝ። የምሠራው መንግሥት ራሱ በማያስተዳድረው፣ ግን ገንዘብ በሚሰጠው ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራው ያው ነው፤ ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማብላት፣ ሌሊት መንቃት። ደመወዙ ግን ለመንግሥት በቀጥታ ከሚሠራው ጓደኛዬ ያንሳል፤ ይህ ለዓመታት የሚጮህበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ያንን ቪዲዮ ሳይ እንባዬ መጣ። በነጋታው ስልክ ደውሎ ይቅርታ ጠይቋታል፣ በአደባባይም ተሳስቻለሁ ብሏል። ይቅርታው ጥሩ ነው። ግን ጀርባውን ሲያዞር ያየሁት ከዓይኔ አይጠፋም።

ጋሼ ጎልዌይ
ሰኞ ኖቬምበር 25

ልጆች፣ እኔ እዚህ ሀገር የገባሁት በ2001 ነው። ስንት ምርጫ አየሁ። የዜግነት ወረቀቴን ካገኘሁ ወዲህም አንድ ምርጫ አምልጦኝ አያውቅም።

ፊያና ፎልና ፊን ጌል ለምን ሁለት እንደሆኑ ካልገባችሁ የዚህ ሀገር ፖለቲካ አይገባችሁም። በ1921 መጨረሻ ከእንግሊዝ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ስምምነቱን የተቀበለና ያልተቀበለ በ1922 እና 1923 እርስ በርሱ ተዋጋ። ወንድም ከወንድሙ። ከዚያ ያልተቀበሉት በዲ ቫሌራ መሪነት በ1926 ፊያና ፎልን መሠረቱ፤ የተቀበሉት ወገን ደግሞ በ1933 ፊን ጌል ሆኖ ተሰባሰበ። ከ1932 ወዲህ መንግሥት ሲመሩ የኖሩት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ጎልዌይ የማውቃቸው አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉ። አባታቸው ለማን እንደተዋጉ ነው መጀመሪያ የሚነግሩህ፤ ከዚያ በኋላ ነው ስለ ላሞቻቸው የሚያወሩት።

በፖሊሲ ከሆነ ግን ልዩነታቸው ብዙም አይታየኝም። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። በ1982 ኖቬምበር ሁለቱ ተደምረው ከመቶ 84 ድምፅ ነበራቸው። ዛሬ ግማሹን እንኳ ማግኘታቸው ያጠራጥራል። ለዚህ ነው በ2020 ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ መንግሥት ውስጥ ተቀምጠው ወንበሩን በተራ የያዙት። መጀመሪያ ማርቲን፣ ከ2022 ዲሴምበር ጀምሮ ቫራድካር።

ሦስተኛው ማን ይሁን ላልከው፣ ሸገር፣ ትንንሾቹ እኮ ፈርተዋል። ምክንያት አላቸው። ሌበር በ2011 37 ወንበር ይዞ ከፊን ጌል ጋር ገባ፤ በ2016 ወደ 7 ወረደ። ግሪኖች በ2007 በ6 ወንበር ከፊያና ፎል ጋር ገቡ፤ በ2011 አንድም አልቀራቸውም። የመንግሥትን ጥፋት ሕዝቡ በትንሹ ፓርቲ ላይ ነው የሚወጣው። ለዓመታት ከፊያና ፎል ጋር የገዛ ፕሮግረሲቭ ዴሞክራትስ የሚባልም ነበር፤ እሱማ ጭራሽ ፈርሷል።

ትንሿ ሊሜሪክ
ሰኞ ኖቬምበር 25

ጋሼ እናመሰግናለን፣ እንዲህ ያስረዳኝ ሰው የለም። እኔ ዜግነት አላመለከትኩም ነበር፣ አሁን አመልክቼ እየጠበቅኩ ነው። መምረጥ እችላለሁ?

ሸገር በደብሊን
ሰኞ ኖቬምበር 25

እህቴ፣ ለዚህኛው አትችይም። ለዶይል የሚመርጡት የአየርላንድና የብሪታኒያ ዜጎች ብቻ ናቸው። የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ግን ነዋሪ ሁሉ ይመርጣል፤ 18 ዓመት ሞልቶሽ እዚህ ከኖርሽ ፓስፖርትሽ የየትም ይሁን። እጩም መሆን ትችያለሽ። ባለፈው ጁን ነበር እኮ! ብዙ ሀበሻ ይህን ሳያውቅ ነው የሚያልፈው፣ ይኼ በጣም ያሳዝነኛል።

ባሊመን
ማክሰኞ ኖቬምበር 26

ሁላችሁም ሺን ፌንን ዝም ብላችሁ አለፋችሁት። እኔ ልናገር።

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ለሁለት ተከራይተን ነው የምንኖረው። ባለፈው ወር አንድ ቤት ለማየት ሄድኩ፣ መንገዱ ላይ ሰልፉን ቆጠርኩት፣ 31 ሰው። ዝናብ ነው። እርጉዝ ሴት አለች፣ ፋይሏን በፕላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች። ተራዬ ደርሶ ስገባ አከራዩ ስሜን ሰምቶ ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ፣ ከዚያ እንደውልልሃለን አለ። አልደወለም። በዚህ ሀገር ከ14 ሺህ በላይ ሰው በመንግሥት ጊዜያዊ መጠለያ ነው የሚያድረው፣ ከዚያ ውስጥ ከ4 ሺህ በላይ ሕፃናት ናቸው። ይህ የሆነው በእነማን ዘመን ነው? በሁለቱ።

በ2020 ሺን ፌን በድምፅ አንደኛ ነበር፣ ከመቶ 24.5። ግን እንደዚያ ይመረጣሉ ብለው ስላልጠበቁ ያቀረቡት 42 እጩ ብቻ ነበር። 37ቱ ገቡ። ተጨማሪ ሰው ቢያቀርቡ ኖሮ ታሪኩ ሌላ ነበር። ያኔም ሁለቱ ተባብረው በሩን ዘጉባቸው። ከመቶ 24 ሰው የመረጠውን ፓርቲ አናናግርም ማለት ምን ዓይነት ዴሞክራሲ ነው?

ጋሼ ጎልዌይ
ማክሰኞ ኖቬምበር 26

ባሊመን ልጄ፣ ንዴትህ ይገባኛል፣ ስለ ቤት የተናገርከውም እውነት ነው። ግን ሁለት ነገር ልጨምርልህ። አንደኛ፣ ከእገሌ ጋር አልቀመጥም ማለት መብታቸው ነው፤ መራጮቻቸውም ያንን ሰምተው ነው የሚመርጧቸው። ሺን ፌን በሰሜን አየርላንድ ግጭት ዘመን አይ አር ኤ ከሚባለው የታጠቀ ቡድን ጋር የነበረውን ትስስር ያልረሳ ብዙ ሰው አለ፣ በተለይ በእኔ ዕድሜ ያለው። ሁለተኛ፣ ሺን ፌን ዘንድሮ የገዛ ደጋፊውንም አጥቷል። ጁን ላይ በአካባቢ ምርጫ ከመቶ 12 አካባቢ ነው ያገኘው። ስደተኛን በተመለከተ ግራ ተጋብቶ አንዱም ሌላውም ወገን ሸሸው።

ደግሞ ወረቀቱ ላይ 1 ብቻ ጽፋችሁ እንዳትወጡ! እኛ ሀገር በአንድ ምርጫ ክልል አንድ ሰው ነው የሚያልፈው፣ ብዙ ድምፅ ያገኘው፣ አበቃ። እዚህ ግን አንድ ክልል ከ3 እስከ 5 ወንበር አለው። ሸገር ክልልህ 4 ነው። በትክክል የመረጠው 40,000 ሰው ነው እንበል። 40,000ን ለ5 ታካፍላለህ፣ 8,000፣ አንድ ትጨምራለህ። 8,001 ያገኘ ገባ። ካለፈ ትርፉ በወረቀቱ ላይ 2 ተብሎ ወደተጻፈው ይሄዳል። ማንም ካልሞላ ደግሞ ከሁሉ ያነሰው ይወጣና የእሱ ወረቀቶች ወደ 2፣ ወደ 3 ይተላለፋሉ። ትራንስፈር የሚሉት ይህንን ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? አምስትም ስድስትም ባላ ትከሉ። የመጨረሻው ወንበር ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በታችኞቹ ቁጥሮች ነው።

ከነታንያ
ረቡዕ ኖቬምበር 27

ሰላም ከእስራኤል። የአየርላንድ ነገር ባይነካኝም ስለ ጥምር መንግሥት ስታወሩ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ እኛ እኮ በዚህ ነው ያደግነው።

ምክር ቤታችን ክነሴት 120 ወንበር ነው፣ 61 ያስፈልጋል። ከ2019 እስከ 2022 አምስት ጊዜ መረጥን። አምስት! ምርጫ ጣቢያው የልጄ ትምህርት ቤት ነበር፣ በመጨረሻ በር ላይ ያሉት ዘበኛ በስሜ ይጠሩኝ ጀመር። ስለ ወንበር መቀያየር ያነሳችሁት ገረመኝ። በ2020 ነታንያሁና ጋንትዝ በተራ እንይዛለን ተባብለው ፈረሙ፣ የጋንትዝ ተራ ሳይደርስ ክነሴቱ ፈረሰ። አየርላንዶቹ ግን ቀኑ ሲደርስ በሰላም ተለዋወጡ ነው የምትሉኝ? ያንን ያደረጉት መቶ ዓመት ሆድና ጀርባ የነበሩ ሰዎች ከሆኑ አደንቃለሁ። ፊርማ አይደለም የሚያስፈጽመው፣ አንዱ ሌላውን ቢያታልል ነገ እንደገና እንደሚፈልገው ማወቁ ነው።

ኮርክ ነኝ
ረቡዕ ኖቬምበር 27

ከነታንያ፣ አዎ በሰላም ነው የተለዋወጡት። ማርቲን ወርዶ ምክትል ሆነ፣ አለቀ። እኔ ማርቲንን የምወደው ለዚህ ነው፣ የኮርክ ሰው ስለሆነ ብቻ አይደለም። ትናንት ማታ የሦስቱን ክርክር አያችሁ? ሃሪስ ደክሞታል። ማርቲን ሳይጮህ ጨረሰ።

የእኔን 1 ግን ለሶሻል ዴሞክራት ነው የምሰጠው። መሪያቸው ሆሊ ኬርንስ እዚሁ ካውንቲያችን ነው የምትወዳደረው፤ መውለጃዋ ስለደረሰ እንደሌሎቹ ሀገር መዞር አልቻለችም። 2 ለሌበር። ማርቲንን 3 አደርገዋለሁ። ጋሼ እንዳሉት እስከ ታች እጽፋለሁ።

ሸገር በደብሊን
ዓርብ ኖቬምበር 29፣ ማታ

መርጬ መጣሁ!

ጣቢያው የልጄ ትምህርት ቤት ነው። ወረቀቱ ረጅም ነው፤ ስማቸው በፊደል ተራ ወደ ታች ተደርድሯል፣ ከጎኑ ፎቶና የፓርቲው ምልክት አለ። በክር የታሰረች እርሳስ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እውነቴን ነው። 1 ጻፍኩ። ከዚያ ቆም ብዬ ጋሼን አስታወስኩና ወደ ታች ወረድኩ። 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6። ልጄን ይዣት ነበርና ሣጥኑ ውስጥ እሷ ናት የከተተችው።

አሁን 4 ሰዓት ላይ ከምርጫ ጣቢያ በሚወጡ ሰዎች የተሠራው ጥናት ወጣ፦ ሺን ፌን 21.1፣ ፊን ጌል 21፣ ፊያና ፎል 19.5።

ባሊመን
ዓርብ ኖቬምበር 29፣ ማታ

አንደኛ!!! አንደኛ ነን! ጋሼ የት ሄዱ?

ጋሼ ጎልዌይ
ዓርብ ኖቬምበር 29፣ ማታ

አለሁ ልጄ፣ አልተኛሁም። ደስ ይበልህ። ግን ሣጥኑ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ሲከፈት ትራንስፈር ማን ጋ እንደሚሄድ እንይ። ፊያና ፎልና ፊን ጌል አንዱ ለሌላው ያስተላልፋል። ሺን ፌን ከማን ያገኛል?

ሸገር በደብሊን
እሑድ ዲሴምበር 1

ሁለት ቀን ቆጠራው ቦታ ነው የዋልኩት። አር ዲ ኤስ፣ የደብሊን ከተማ ክልሎች የሚቆጠሩበት ትልቅ አዳራሽ። ጓደኛዬ ለአንድ እጩ ስለሚሠራ መግቢያ አገኘልኝ።

ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ምርጫ ሲባል የማስበው ይህንን ነው። ቆጣሪዎቹ ረጅም ጠረጴዛ ጋ ይቀመጣሉ። ፊት ለፊታቸው ዝቅ ያለ አጥር አለ። ከአጥሩ ወዲህ የሁሉም ፓርቲ ሰዎች ተደግፈው ይቆማሉ፤ ሰሌዳና እርሳስ ይዘዋል። ወረቀቱ ሲገለጥ ቁጥር 1 ማን ጋ እንዳለ አይተው ጭረት ያደርጋሉ። ጭረት በጭረት። አንድ የፊን ጌል ሽማግሌ አጠገቤ ነበሩ፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ አንዲት የሺን ፌን ልጅ። ሲያመልጣት "ያንን አየኸው?" ብላ ትጠይቃቸዋለች፣ ይነግሯታል፤ እሳቸውም ይጠይቋታል። በኋላ የሁሉንም ጭረት ደምረው ይካፈሉታል። ተቀናቃኞች እኮ ናቸው! እዚያ ቆሜ ጉሮሮዬ ተዘጋ። ብዙ ነገር ነው ትዝ ያለኝ፣ እዚህ ላይ አልጽፈውም።

ውጤቱ ደግሞ ጋሼ ያሉት ሆነ። ሜሪ ሉ፣ የሶሻል ዴሞክራቱ ጋሪ ጋነንና የፊን ጌሉ ፓስካል ዶነሁ ገቡ። አራተኛው ወንበር ነበር ጉዱ። ጄሪ ሃች የሚባለው የግል እጩ በመጀመሪያው ቆጠራ አራተኛ ነበር፣ ገባ ተባለ። የሌበሯ ማሪ ሸርሎክ ከኋላው ነበረች። ሌሎች እየወጡ ወረቀታቸው ሲተላለፍ፣ 2 እና 3 እና 4 ያለባት እሷ ሆነች፤ ቀስ እያለች ደረሰችበትና አለፈችው። የእኔ 4 እሷ ጋ ነበረች።

ትንሿ ሊሜሪክ
ሰኞ ዲሴምበር 2

ሆሊ ኬርንስ የምርጫው ዕለት ሴት ልጅ ወለደች አሉ፣ ወንበሯንም አሸነፈች። እንኳን ማርያም ማረቻት!

ኮርክ ነኝ
ማክሰኞ ዲሴምበር 3

አሜን። እኔም ስሰማ እልል ነው ያልኩት።

ጋሼ ጎልዌይ
ማክሰኞ ዲሴምበር 3

ቆጠራው ትናንት ማታ አለቀ። ፊያና ፎል 48፣ ሺን ፌን 39፣ ፊን ጌል 38፣ ሌበር 11፣ ሶሻል ዴሞክራት 11፣ ኢንዲፔንደንት አየርላንድ 4፣ የሪቻርድ ቦይድ ባሬት ወገን 3፣ አዎንቱ 2፣ ግሪን 1፣ ዶኒጎል ውስጥ ለፈረሱ ቤቶች ካሳ የሚጠይቀው ፓርቲ 1፣ ቀሪዎቹ 16 የግል።

የዓርቡ ጥናት ፊያና ፎልን ሦስተኛ አድርጎት ነበር፤ በመጀመሪያ ምርጫ ከመቶ 21.9 አግኝቶ አንደኛ ወጣ። ሺን ፌን 19 ነው። ፊያና ፎልና ፊን ጌል ሲደመሩ 86። ሁለት ጎደላቸው።

የመረጠው ሕዝብ ደግሞ ከመቶ 60 አይሞላም። ይህ ነው እኔን የሚያሳስበኝ።

ብስክሌት
ማክሰኞ ዲሴምበር 3

ስለ ግሪኖች ማንም ምንም ስላላለ ልጻፍ። ከ12 ወደ 1። መሪያቸው ሮደሪክ ኦጎርማን ብቻውን ቀረ፣ እሱም በመከራ ነው የገባው።

በየቀኑ አውቶቡስ የምትሳፈሩ ሰዎች፣ በ2022 የሕዝብ ትራንስፖርት ዋጋ ከመቶ 20 የቀነሰው ማን መንግሥት ውስጥ ስለነበረ ነው? ወጣት ግማሽ ዋጋ የሚከፍለውስ? ደብሊን ውስጥ በ2 ዩሮ ለ90 ደቂቃ ከአውቶቡስ ወደ ትራም ትቀያይራላችሁ። እኔ የጽዳት ሥራ ላይ ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ስሄድ በወር ምን ያህል እንደተረፈኝ አውቀዋለሁ። እነሱን ነው የቀጣናቸው። አሁን ሌበርና ሶሻል ዴሞክራት ይህንን እያዩ ይገቡላቸዋል? እኔ በእነሱ ቦታ ብሆን አልገባም፤ ግን ሁሉም ከፈራ የሚሠራ ሰው ከየት ይመጣል?

ባሊመን
ረቡዕ ዲሴምበር 4

ሁለት ቀን ዝም ያልኩት አዝኜ ነው። ብስክሌት ያልከው ልክ ነው። እኔ ደግሞ የምለው፣ ሺን ፌን፣ ሌበር፣ ሶሻል ዴሞክራት፣ ግሪን፣ ቦይድ ባሬት ብትደምሩ 65 ነው። 88 የት፣ 65 የት። ይህን ሳየው ነው ነገሩ የገባኝ። በሩን የዘጉት ሁለቱ ብቻ አይደሉም፤ ግራዎቹም ከምርጫው በፊት አብረን ነን ብለው ለሕዝብ አልቀረቡም። እርስ በርስ አስተላልፉ ብለው አንድ ላይ ቢቀሰቅሱ ኖሮ ስንት የመጨረሻ ወንበር ይገኝ ነበር።

ጋሼ፣ ያኔ ትራንስፈር ከማን ያገኛል ያሉኝን አሁን ተረዳሁት።

ጋሼ ጎልዌይ
ረቡዕ ዲሴምበር 4

ልጄ፣ አንተ ብዙ ሰው በአሥር ዓመት የማይገባውን በሳምንት ተረዳህ። ለሚቀጥለው ከፓርቲው ሰዎች ጋር ሄደህ በር አንኳኳ። እንዳንተ ሰልፉን በእግሩ ቆሞ ያየ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ኮርክ ነኝ
ረቡዕ ዲሴምበር 18

ዛሬ አዲሱ ዶይል ተሰብስቦ አፈ ጉባኤ መረጠ። ቬሮና መርፊ፣ የዌክስፎርድ የግል ተመራጭ። በዚህ ምክር ቤት ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ደስ ብሎኛል፣ ግን ነገሩ ከግሎቹ ጋር ወዴት እንደሚሄድም ያሳያል። ሌበርና ሶሻል ዴሞክራት ውጪ ሊቀሩ ነው።

ሸገር በደብሊን
ረቡዕ ጃንዋሪ 22፣ 2025

ዛሬ የሆነውን ያየ አለ? ማርቲን ይመረጣል ተብሎ ሥራ ቦታ በእረፍት ሰዓቴ ስልኬን ከፍቼ ብጠብቅ ጩኸት ብቻ። መንግሥትን የሚደግፉ አንዳንድ የግል ተመራጮች ከተቃዋሚ ጋር ተቀምጠን የተቃዋሚ የንግግር ሰዓት ይሰጠን ብለው ነው። ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ተነሱ። ሜሪ ሉ፣ የሌበሯ መሪ ባቺክ፣ ሁሉም በአንድ ድምፅ። ተቋረጠ፣ ተጀመረ፣ ተቋረጠ፣ በመጨረሻ ለነገ ተባለ።

ከነታንያ
ረቡዕ ጃንዋሪ 22

መንግሥትን እየደገፉ የተቃዋሚን ሰዓት መጠየቅ ትክክል አይደለም። የተቃዋሚ ደቂቃ የመራጩ ደቂቃ ነው። ተቃዋሚዎቹ ደግ አደረጉ።

ጋሼ ጎልዌይ
ሐሙስ ጃንዋሪ 23

ዛሬ ተመረጠ። 95 ለ76። ማርቲን ለሁለተኛ ጊዜ ቲሾክ ሆነ፣ ሃሪስ ምክትል። ኖቬምበር 2027 ላይ ይቀያየራሉ። ሁለቱን ያሟሉላቸው የማይክል ላውሪና የጓደኞቹ የግል ስብስብ፣ ከዚያ የኬሪ ወንድማማቾች፣ ማይክልና ዳኒ ሂሊ ሬይ ናቸው። ማይክል ሚኒስትር ዴኤታ ይሆናል።

ኬሪን የማታውቁ፣ እነዚህ ሰዎች የሚመረጡት በመንገድ፣ በሆስፒታል አልጋ፣ በገበሬ ጉዳይ ነው። ሰው ሲሞት ለቅሶ ይደርሳሉ። በስልክ ይገኛሉ። አንዳንዱ ይንቃቸዋል፣ እኔ አልንቅም። ግን የሀገር መንግሥት በሁለት በሦስት ሰፈር ጉዳይ ላይ ሲንጠለጠል የቀረው ክልል ጥያቄ ወረፋ ይጠብቃል። በ2030 መጨረሻ 300,000 ቤት እንሠራለን ብለው ፈርመዋል። ባሊመን፣ ይህን ቁጥር ጻፈውና ያዝ፤ በር ላይ ሲመጡ በእሱ ጠይቃቸው።

ባሊመን
ሐሙስ ጃንዋሪ 23

ጻፍኩት ጋሼ። ቅዳሜ ደግሞ የሰፈሩ ስብሰባ ላይ እሄዳለሁ፣ ስሜን ሰጥቻለሁ።

ኮርክ ነኝ
ሐሙስ ጃንዋሪ 23

እኔ የምጠብቀው አንድ ነገር ነው፣ የእኛን ደመወዝ። ሃሪስ ካንተርክ ላይ ይቅርታ ጠይቋል፤ ይቅርታው በደመወዝ ወረቀቴ ላይ ሲታይ ያኔ ተቀበልኩት እላለሁ።

ትንሿ ሊሜሪክ
ዓርብ ጃንዋሪ 24

ደብዳቤው መጣ!!! ዜግነቴ ጸደቀ፣ ለሥነ ሥርዓቱ ጠሩኝ! እናቴ ስልክ ላይ እያለቀሰች ነው። ሸገር ወንድሜ፣ ለመራጭነት ለመመዝገብ ምን ምን ያስፈልጋል?

ሸገር በደብሊን
ዓርብ ጃንዋሪ 24

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ! ሥነ ሥርዓቱ ላይ ዜጋ ከሆንሽ በኋላ በኦንላይን ነው የምትመዘገቢው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የፒ ፒ ኤስ ቁጥርሽን (የመንግሥት መለያ ቁጥርሽን)፣ የቤትሽን ኤርኮድ (የአድራሻ ኮድ) እና የልደት ቀንሽን አዘጋጂ። ስምሽን ደብዳቤው ላይ እንዳለው አድርገሽ ጻፊ። የአካባቢ ምርጫ ላይ ተመዝግበሽ ከነበረም ዜግነትሽን እንዲያስተካክሉልሽ ፎርሙን እንደገና ሙይው፣ ካልሆነ ለዶይል ካርድ አይልኩልሽም። ያኔ ደውይልኝ፣ አብረን እንሞላዋለን።